«ጅቦቹን ምን ላድርጋቸው?» ስለ ምናብ ዓለም ዘሮች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን የምንማር አምስት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ማታ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ ዳይስ እየጣልን የምናብ ባለታሪኮች ሆነን ታሪክ የምንሠራበትን ጨዋታ እንጫወታለን፤ ጌም ማስተሩ፣ ማለትም ታሪኩን የምመራው፣ እኔ ነኝ። ዘንድሮ የፈረንጁን ዓለም ትተን ደጋውና ቆላው የሚገናኙበትን የጣርማ በር ገደል የመሰለ የራሳችንን ዓለም ሠራን። ሦስት ዘሮች አሉት። ደገኞቹ ብልህነት ላይ ሁለት ይጨመርላቸዋል። ቆለኞቹ ጉልበት ላይ ሁለት ይጨመርላቸውና ብልህነት ላይ ሁለት ይቀነስባቸዋል። ጅቦቹ ቀን ብረትና ሸክላ ይሠራሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በተፈጥሯቸው ክፉ ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ጓደኛችን መምጣት አቆመ። ምንም አላለም። እናቱ ሸክላ ሠሪ መሆናቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። ዘሮቹን ላጥፋቸው? ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነስ ፋንታሲው በምን ይጣፍጣል?»

ወንድሜ፣ ከደንቡ በፊት ጓደኛህ ይቅደም። ከሚቀጥለው ቅዳሜ በፊት ብቻህን ሂድና አነጋግረው፤ ሌሎቹን አታስከትል፣ የጨዋታውን መጽሐፍም አትያዝ። ይቅርታህ «እናትህ ሸክላ ሠሪ መሆናቸውን አላውቅም ነበር» ብሎ እንዳይጀምር ተጠንቀቅ። ባታውቅስ? ሸክላ ሠሪ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ነገር የሸክላ ሠሪ ልጅ በሌለበት ገበታ ላይም ሐሰት ነው። ለምን እንደቀረ እንዲያስረዳህም አትጠይቀው፤ አንተ ገብቶሃል። «የጻፍሁት ነገር ስድብ ነው፤ አወጣዋለሁ» በለው፤ ይበቃል። ይመለስ አይመለስ የእሱ ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ዘሮቹን አታጥፋቸው፤ ግን ምን ላይ እንዳቆምሃቸው ተመልከት። ሦስቱንም ያቆምሃቸው ደም ላይ ነው። ደገኛው ብልህ የሆነው ከደገኛ ስለተወለደ፣ ቆለኛው ደነዝ የሆነው ከቆለኛ ስለተወለደ፣ ጅቡም ክፉ የሆነው ከጅብ ስለተወለደ ነው። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ የሚያደርገው ምርጫ ሁሉ ከተወለደበት ጋር መታገል ወይም ለተወለደበት መታዘዝ ብቻ ይሆናል። ይህን ከደም አውርደህ ቦታ፣ ሥራና ታሪክ ላይ ካቆምኸው ጣዕሙ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የምጽፍልህ በሙሉ ይህን ለማሳየት ነው።

ከጅቦቹ እጀምራለሁ፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነውና። ለአንተ አዲስ ፈጠራ መስሎህ ይሆናል፤ ግን እኛ አገር ከማንኛውም የጨዋታ መጽሐፍ በፊት ተጽፎ ያደረ ደንብ ነው። ቡዳ የሚባለውን እምነት በጨዋታ ዓይን እየው። በደም ይወረሳል። የሌሊት ችሎታ አለው። ክፋቱ አይለወጥም። ሰዎቹ የሚለዩት በሥራቸው ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ሸማኔ። አንድ የጨዋታ መጽሐፍ ስለ አንድ «ክፉ ዘር» የሚጽፈው ነገር ሁሉ ተሟልቶ እዚያ አለ። ልዩነቱ እነዚህ ሰዎች ጎረቤቶቻችን መሆናቸው ነው። ሰው ልጁን አልድርላቸውም ብሏል፤ አብሯቸው አልበላም ብሏል፤ ሕፃን በታመመ ቁጥር ጣቱን ወደ እነሱ ቀስሯል።

እኔ ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። በገበያ ቀን እንስራ ተሸክማ የምትመጣ ሴት ነበረች። በደጃችን ስታልፍ አክስቴ ሕፃኑን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። አንድ ቀን ሴትየዋ ዞር ብላ አየች። አየችና ምንም ሳትል መንገዷን ቀጠለች። በሳምንቱ አክስቴ ከዚያችው ሴት ምጣድ ገዛች፤ እንጀራችንንም በዚያ ምጣድ እየጋገረች አበላችን። የገበሬው ማረሻ፣ የቄሱ መስቀል፣ የቡናው ጀበና፣ የሁሉም ሰው ሸማ ከእነዚህ እጆች ወጥቶ ሳለ እጆቹ ይፈራሉ። ሲፈሩ የኖሩበት ምክንያት ደግሞ ከሌሊት ጋር አይገናኝም። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል፤ መሬት ያለው ደግሞ መሬት የሌለውን የሚንቅበት ምክንያት ይፈልጋል። የርስት ጉዳይ በጊዜ ብዛት የደም ጉዳይ ሆነ።

የእኛው ሰሜን ሸዋ፣ አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሠራተኛ እየተሰደበ ሥራውን ከተወ አገር ባዶ ይቀራል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ስድቡ አሁንም መኖሩን ጓደኛህ ያውቀዋል። አንተ የጻፍኸው ገጽ አዋጁ የከለከለው ነገር ነው፤ ዳይስ ብቻ ተጨምሮበታል። ይህን የምልህ ላሳፍርህ አይደለም። ከፈረንጁ መጽሐፍ ኦርክን፣ ያንን በተፈጥሮው ጨካኝ የሚባለውን ጭራቅ፣ አስወጥተህ የራሳችንን ነገር ማስገባት መፈለግህ መልካም ነው። ግን የራሳችን ነገር ውስጥም የራሳችን ኦርክ እንዳለ ማወቅ አለብህ።

የፈረንጁ ጨዋታ በዚህ መንገድ ላይ ሃምሳ ዓመት ሄዷል፤ ስሕተቱንም እርማቱንም ማወቅ ይጠቅምሃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን በ1974 ሲያወጡ ሰው ያልሆነ ካራክተር (ተጫዋቹ የሚጫወተው ባለታሪክ)፣ እንደ ድንኩ ድዋርፍ፣ እንደ ትንሹ ሆቢት፣ እንደ ረጅም ጆሮው ኤልፍ ያለው፣ እስከ ተወሰነ ደረጃ ብቻ ያድግ ነበር። ድዋርፍ ተዋጊ 6ኛ ደረጃ ላይ ይቆማል፤ ሆቢት 4ኛ ላይ። ሰው ገደብ የለውም። በ1981 በወጣው መሠረታዊ እትም ደግሞ ኤልፍ መሆን ራሱ ሙያ ነበር፤ ሰው ሌባም ካህንም ጠንቋይም መሆን ሲችል ኤልፍ ግን ኤልፍ ብቻ ነው። የደረጃው ገደብ የተነሣው በ2000 ነው። ያም ሆኖ ለዘር ቁጥር መስጠቱ ቀጠለ፤ በ2016 በወጣ አንድ መጽሐፍ ኦርክ ብልህነት ላይ ሁለት ይቀነስበት ነበር፤ ልክ እንደ ቆለኞችህ። በ2020 ቁጥሩን ተጫዋቹ ወደፈለገበት እንዲያዛውር ተፈቀደ፤ የኦርኩም ቅነሳ ተሰረዘ። በ2022 መጨረሻ አሳታሚው «ዘር» የሚለውን ቃል ራሱን እንደሚተው አስታወቀ። በ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ቁጥሩ ካራክተሩ ካደገበትና ከሠራው ሥራ ጋር ታሰረ፤ ገበሬ ነበር? ጸሐፊ ነበር? መርከበኛ? ኦርክም ከጭራቆች መዝገብ ወጥቶ ማንም የሚመርጠው መደበኛ ካራክተር ሆነ።

ይህ ሁሉ ያለ ክርክር አልሆነም፤ ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለትም አይደለም። በዚያው በ2022 ሀዶዚ የሚባሉ ጦጣ መሰል ሕዝቦች በአንድ መጽሐፍ ተካተው ነበር። ታሪካቸው እንዲህ ይላል፤ አንድ ጠንቋይ ያዛቸው፣ መድኃኒት አጠጥቶ ብልህ አደረጋቸው፣ እንደ ጦር ሊሸጣቸው አሰበ፣ በኋላ የጠንቋዩ ደቀ መዛሙርት ነጻ አወጧቸው። አንባቢዎች ይህ ጥቁሮች በባርነት ዘመን የተሰደቡበት ስድብ ነው ብለው ተቃወሙ፤ አሳታሚው በመስከረም ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን አወጣ። ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ጣርማ በርን የሚያስብ ሰው ገደሉ ላይ የሚኖረውን ጭላዳ ሳያስብ አይቀርም፤ ነገ ተነገ ወዲያ የጭላዳ ሕዝብ ልሥራ ብለህ ትነሣ ይሆናል። ያን ጊዜ ሀዶዚን አስታውስ። አንድን ሕዝብ እንስሳ አስመስለህ ስትሥል፣ ያ ሥዕል ከዚያ በፊት በማን ላይ እንደተሣለ መጠየቅ ግዴታህ ነው።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ በደንብ እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ጌም ማስተሮች ይሳሳታሉ። «ሁለት ብትቀነስ ምን አላት?» ይላሉ። በገበታ ላይ እውነታቸውን ነው። ብልህነት ላይ ሁለት ነጥብ ማለት ባለ 20 ፊቱ ዳይስ ላይ አንድ ማለት ነው፤ ከመቶ አምስት። በደገኛህና በቆለኛህ መካከል ያለው ልዩነት አራት ነጥብ ነው፤ በዳይሱ ላይ ሁለት፣ ከመቶ አሥር። ማታውን ሙሉ ብትጫወቱ ምናልባት አንዴ ወይም ሁለቴ ትታያለች። ስለዚህ ጣዕም አልሰጠችህም።

አሁን ያችኑ ቁጥር በመላ ሕዝቡ ላይ ዘርጋት። ችሎታን በሦስት ባለ ስድስት ፊት ዳይስ ስትጥል 216 ዓይነት አወዳደቅ አለ። ደገኛው ሁለት ሲጨመርለት ከ216ቱ 108 ጊዜ 13ና ከዚያ በላይ ያገኛል፤ ግማሹ ማለት ነው። ቆለኛው ሁለት ተቀንሶበት ያችኑ 13 ለማግኘት 15 መጣል አለበት፤ ይህ የሚሆነው ከ216ቱ 20 ጊዜ ብቻ ነው። ከመቶ ዘጠኝ ገደማ። ስለዚህ አንተ ሳታስበው የጻፍኸው ዓለም ከደገኞች ግማሹ፣ ከቆለኞች ከአሥር አንድ እንኳ የማይሞላው ብልህ የሆነበት ዓለም ነው። በጨዋታው ላይ የማትታይ ቁጥር በሕዝቡ ላይ ፍርድ ሆነች። ሌላም ጉዳት አላት፤ ጠንቋይ መጫወት የሚፈልግ ልጅ ቆለኛን አይመርጥም፤ ጦረኛ የሚፈልግ ደገኛን አይመርጥም። ገና ታሪኩ ሳይጀመር ሁሉም ወደ ተመደበለት በር ገብቷል። ቁጥሩን አውጣው፤ የምታጣው ነገር የለም። ተጫዋቾችህ ሁለት ነጥብና አንድ ነጥብ ይሰጣቸው፤ ካራክተራቸው ሲያድግ የሠራው ሥራ ወዳዳበረው ችሎታ ይጨምሩት። በልጅነቱ እንጨት የለቀመ ጉልበት አለው፤ በገበያ መካከል ያደገ አንደበት አለው፤ ቆሎ ተማሪ የነበረ የቃል ትምህርት አለው።

አንድ ነገር ስለ ቃሉ። «ዘር» ስትል ምን እያልህ እንደሆነ አስበህበታል? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ቃል ለመለወጥ ዓመታት የተከራከሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእኛ ቃል ግን ከእነሱም ይከብዳል። ዘር የሚዘራው ነው፣ ትውልድ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ሰው የሚጠየቅበት ነገር ነው። ደብረ ብርሃን በማንነታቸው ምክንያት ቤታቸውን ጥለው የወጡ ብዙ ወገኖች የተጠለሉባት ከተማ ናት። «ዘርህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ገበታ ላይ ስታነሣ፣ ያንኑ ጥያቄ መንገድ ላይ የተጠየቀ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። «ጎሳ» እና «ብሔር» ያንኑ ሸክም ይሸከማሉ። «ዝርያ» ለከብትና ለእህል የምንለው ነው፤ ሰው የሚናገር ፍጡር ላይ ሲውል ያዋርዳል። «ነገድ» የመጽሐፍ ቅዱስ ሽታ አለው፤ ያምራል፣ ግን እሱም ወደ ደም ይመልስሃል። እኔ በገበታዬ ላይ የምጠቀመው ሁለት ቃል ነው፤ ለአካሉ «ፍጥረት»፣ ለአደገበት ሕይወት «አገር»። ካራክተር ሲሠራ ተጫዋቹን «ፍጥረትህ ምንድን ነው? አገርህስ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ሁለቱ ተለያይተው ሲጠየቁ ግማሹ ችግር በራሱ ይፈታል፤ ክንፍ ያለው ፍጥረት ቆላ ገበያ ውስጥ ሊያድግ ይችላል፣ ሰውም ከክንፋሞቹ መንደር ሊያድግ ይችላል።

ፍጥረት አካል የሚያደርገውን ይሰጣል። በጨለማ ማየት፣ ውርጭ መቋቋም፣ ገደል መውጣት፣ ሦስት መቶ ዓመት መኖር። ብልህነት፣ ጨዋነት፣ ስስት፣ ጀግንነት አይሰጥም። ከአካሉ የሚወጣው ልማድ ግን ይጣፍጣል፤ እዚህ ላይ ተዝናና። በጨለማ የሚያዩ ሰዎች ገበያቸው የሚቆመው በሌሊት ነው፤ ፋኖስ ይዞ የመጣ እንግዳ ዓይናቸውን ያሳምማል፣ ስለዚህ ፋኖስ መያዝ ነውር ነው። ሦስት መቶ ዓመት የሚኖር ሕዝብ ውስጥ የአያትህ የመሬት ክርክር ገና በችሎት ላይ ነው። አየህ? ማንም ደነዝ አልተባለም፤ ማንም ክፉ አልተባለም፤ ግን ከሩቅ ትለያቸዋለህ።

አገር ደግሞ ከዚህም በላይ ይሰጣል፤ ምሳሌው ደጅህ ላይ ነው። ደገኞችህንና ቆለኞችህን ስትሠራ ጣርማ በርን አስበሃል፤ ግን በሩቁ አስበኸዋል። ቀረብ ብለህ እየው።

ደጋውን ውሰድ። መንዝ ብርድ ነው። ብርድ ስለሆነ ሰው በግ ያረባል፤ በግ ስላለ ሴቱ ፀጉር ይፈትላል፣ ወንዱ ባና ይሠራል። ቤቱ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ሣር ነው። ሣሩ ከየት ይመጣል? ከጓሳ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሜዳ ነው፤ ቀይ ቀበሮው ያለበት። የአካባቢው ሰው ያንን ሜዳ ለብዙ ትውልድ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ነዋሪው በመረጠው አለቃ ሥር ለዓመታት ይዘጋ ነበር፣ ሣሩ ሲደርስ በተወሰነ ቀን ይከፈት ነበር፣ ሁሉም ያጭድ ነበር። ከዚህ አንድ ነገር ብቻ ውሰድና ዓለምህ ውስጥ አስገባ፤ የተዘጋ ሜዳ። ጎረምሳው በሌሊት ሣር አጨደ፤ እናቱ ጣሪያዋ እያፈሰሰ ነው። አለቃው አጎቱ ነው። ሕጉ ካልተከበረ ሜዳው ያልቃል፤ ከተከበረ ሴትየዋ በክረምት ትበሰብሳለች። ለሁለት ቅዳሜ የሚበቃ ጨዋታ አገኘህ፤ «ደገኛ ብልህ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ለአንድ ደቂቃም አልበቃህም።

ቆላውን ደግሞ ተመልከት፤ ብልህነት የቀነስህበትን። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ አለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እሳቸው ከ1813 እስከ 1847 ነው የነገሡት፣ የሸዋ ንግድ በር እሷ ነበረች። ከታጁራ ወደብ የተነሣ ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚደርሰው እዚያ ነው። አሞሌ ጨው በዚያ ይመጣል፤ የደጋው ዕቃ በዚያ ይወርዳል። በ1841 የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞችም ወደ ንጉሡ የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። የአርጎባ ነጋዴ ከአፋሩ ጋር፣ ከጠረፉ ነጋዴ ጋር፣ ከደገኛው ጋር በየቋንቋው መግባባት ነበረበት፤ የጨውን ዋጋ፣ የግመልን ኪራይ፣ የበረሃውን ውኃ በቃሉ መያዝ ነበረበት። አንተ ብልህነት ሁለት ስትቀንስ ከዚህ ሰው ነው የቀነስኸው። ደገኛው ስለ ቆለኛው ምን እንደሚል ሰምተሃል፤ ቆለኛው ስለ ደገኛው የሚለውን ግን አልሰማህም፤ መጽሐፍህን የጻፈው ደገኛው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። አርጎባን ወስደህ ስሙን ለውጠህ ኤልፍ አታድርገው፤ አፋርን ወስደህ ኦርክ አታድርገው። ማመስገን ፈልገህም ቢሆን አታድርገው። ሰው ራሱን በምናብ ዓለም ውስጥ ጆሮው ረዝሞ ሲያገኘው ደስ አይለውም። ከእውነተኛው ቦታ የምትወስደው ችግሩንና መላውን ነው፤ የተዘጋውን ሜዳ፣ የጨው መንገዱን፣ በገደሉ ላይና ታች ያሉት ሰዎች ገብስና ማሽላ የሚለዋወጡበትን ገበያ። ሕዝቡን ግን ራስህ ፍጠር። «ደገኛው ሁሉ ጀግና ነው» የሚለውም ያው በሽታ ነው፤ ጀግና ሁን የተባለ ልጅ መፍራት ሲፈልግ መፍራት አይችልም። ስለ መንዝ ሰው የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የመንዝ ልጅ ደግሞ ሲሰማው ኖሮ ሰልችቶታል። የሌላውን አነጋገር እያስመሰሉ ማሳቅም ከገበታህ ይውጣ።

ክፋትን በተመለከተ የምሰጥህ ከራሳችን ቋንቋ የወጣ አንድ ደንብ ነው፤ እኔ ለብዙ ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ። በዓለምህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ ሕዝብ ጠባይ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ሁሉ «ይባላል» በሚል ይለቅ፤ አጠገቡም ማን እንደሚለው ይጻፍ። «ቀጥቃጮቹ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ብለህ አትጽፍም። «ቀጥቃጮቹ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል፤ የሚሉት የላይኛው መንደር ባለ ርስቶች ናቸው፤ ማለት የጀመሩትም የማረሻ ዕዳቸው ከበዛ ወዲህ ነው» ብለህ ትጽፋለህ። አየህ ምን እንደሆነ? የሕዝብ መግለጫ የነበረው የወንጀል ምርመራ ሆነ። ተጫዋቾችህ አሁን የሚገድሉት ጭራቅ ሳይሆን የሚያጣሩት ነገር አላቸው። «ማን አለ? ለምን አለ? ማን ተጠቀመ?»

ይህን በትልቁ ያደረገ የዚሁ ጨዋታ ዓለም አለ። በ2004 የወጣው ኤቤሮን ውስጥ ጎብሊኖች ሰው ከመምጣቱ በፊት ታላቅ መንግሥት የነበራቸው ሕዝብ ናቸው፤ ዛሬ ፍርስራሹ ላይ ይኖራሉ። ኦርኮቹ ደግሞ ዓለምን ከውጭ ከሚመጣ ጥፋት የጠበቁ የጥንት ካህናት ወራሾች ናቸው። ያው ጎብሊን ነው፣ ያው ኦርክ ነው፤ ታሪክ ሲሰጣቸው ግን ተጫዋቹ ሰይፍ ከመምዘዙ በፊት ይጠይቃል። አንተም ለእያንዳንዱ ሕዝብ ቢያንስ ሦስት እርስ በርስ የማይስማሙ ሰዎች ሥራ፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ወጣት፣ አንድ ከአገሩ ወጥቶ የቀረ። ሦስቱ ስለ አንድ ነገር ሲከራከሩ የሰማ ተጫዋች ከዚያ በኋላ «እነሱ እንዲህ ናቸው» ማለት ይከብደዋል።

ጠላት አይኑር ማለቴ አይደለም። ጨዋታ ያለ ጠላት አይጣፍጥም። ግን ጠላትነቱ ከሚፈልገው ነገር ይምጣ፤ ከውኃው፣ ከጎተራው፣ ከኬላው ቀረጥ፣ ከበቀሉ። ሽፍታ የሆነ ሰው ሽፍታ የሆነበትን ቀን ያውቀዋል። ያንን ቀን አንተም እወቀው።

ጓደኛህ ለምን ምንም ሳይል እንደቀረም ላንሣ፤ ወደፊት ሌላ ሰው እንዲሁ እንዳይቀርብህ። እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። የተደሰተ ገበታ ማበላሸት ከባድ ነው፤ «እኔን ነክቶኛል» ማለት ደግሞ የቤተሰብን ነገር አደባባይ ማውጣት ነው። በውጭ አገር ተጫዋቾች ዘንድ ጆን ስታቭሮፑሎስ ያስተዋወቀው ኤክስ ካርድ የሚባል መላ አለ፤ አንድ ካርድ መሃል ይቀመጣል፣ አንድ ነገር ያልተመቸው ሰው ይነካዋል፣ ጌም ማስተሩ ያንን ነገር አውጥቶ ይቀጥላል፣ ማብራሪያ አይጠየቅም። ለይሉኝታ አገር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም፤ የማይናገረውን ሰው ሳያናግር ያናግረዋልና። እኛ በካርድ ፈንታ ሲኒ እናደርጋለን። ባዶ ሲኒ መሃል ይቆማል፤ የፈለገ ይደፋዋል። ስንጀምር እኔ ራሴ አንዴ ደፍቼ አሳያለሁ፤ ታላቁ ካልደፋው ታናሹ አይደፍርም። ደግሞ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አንድ ማታ ለመመካከር ብቻ ተቀመጡ፤ ዳይስ ሳይጣል። ዓለሙ ምን አለው፣ ምን አይኖረውም? ያንን ማታ አድርጋችሁ ቢሆን ጅቦቹ ገና ያኔ ከመጽሐፍህ በወጡ ነበር።

እንግዲህ ጅቦቹ። ሙሉ በሙሉ ላውጣቸው ካልህ አውጣቸው፤ ጓደኛህ ከተመለሰና ማየት ካልፈለገ ያለ ክርክር አውጣቸው። እሱ እሺ ካለ ግን፣ ወይም ወደፊት ከሌላ ገበታ ጋር ስትጫወት፣ እኔ የምጠቀምበት መንገድ ይህ ነው። በእኔ ዓለም ጅብ መሆን በደም አይመጣም፤ በሥራም አይመጣም። በክፉ ቀን ጎተራውን ቆልፎ ጎረቤቱን ያስራበ ሰው በሰባተኛው ሌሊት ጅብ ይሆናል። ባለ ርስትም ይሁን ባለ እጅ፣ ደገኛም ይሁን ቆለኛ፣ ፍጥረቱ ምንም ይሁን ምን። ቀን ቀን ደግሞ የተከበረ ሰው ነው፤ ሲናገር ሁሉም ያደምጠዋል፤ ጣቱንም ወደ ቀጥቃጩ የሚቀስረው እሱ ነው። መልሶ ሰው መሆን ይችላል፤ ጎተራውን ከከፈተ።

ለሚቀጥለው ጨዋታ መነሻ ካስፈለገህ ይህን ውሰድ። ከጣርማ በር በታች ገበያው ሊቆም ጎሕ ቀዷል። ደገኛው ገብሱን፣ ቆለኛው ማሽላውንና ጨውን ይዞ እየደረሰ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ሌሊቱን ሙሉ የጫነቻቸው እንስራዎች በሙሉ መንገዱ ላይ ተሰባብረው ይገኛሉ፤ ከእሷ ሌላ በዚያ መንገድ የመጣ የለም ይባላል። አፈሩ ላይ የጅብ ኮቴ አለ። የላይኛው መንደር ባለ ርስት ቀድሞ ደርሶ ቆሟል፤ ጫማው ጭቃ ነክቶታል። ሴትየዋ ተጫዋቾቹን ታያለች፤ የምትጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእንስራዎቹን ዋጋ ማን ይከፍለኛል?